ለጉም አገር የመኪና አምፖል አመራረጥ

በክረምት ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣ አሽከርካሪ የጉናን ትከሻ ሲይዝ ጉም ውስጥ ይገባል። ንፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጨጨሆ ሲያመራም ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጭጋግ በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱን ሊያለብስበት ይችላል። ንፋስ መውጫ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ እዚህ ሲደርስ ሚኒባሱም ቅጥቅጡም አይሱዙውም ሲኖትራኩም በየጠመዝማዛው ይተላለፋሉ። መብራት ለሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ በሐምሌ ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ጉናን አላለፈም።

ብዙ አሽከርካሪ መብራቱ የደከመ ሲመስለው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ «ደመቅ ያለውን፣ ነጩን ስጠኝ» ይላል። ለዚህ መንገድ ይህ አጠያየቅ አያዋጣም። ጉም ውስጥ ያለቦታው የተረጨ ብርቱ ብርሃን ተመልሶ የባለቤቱን ዓይን ይመታል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያሳውራል። እኔ የምመክርዎት ፋብሪካው ለመኪናዎ የመደበውን ዓይነትና ዋት፣ በታመነ አምራች የተሠራ፣ ተራ ሃሎጂን አምፖል ገዝተው ብርሃኑ መሬት መሬቱን እንዲሄድ አድርገው እንዲያስሩ ነው። ከአምፖሉ ድምቀት ይልቅ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ይበልጣል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የአምፖሉ መሆኑን ያረጋግጡ

አንዱ መብራት ጠፍቶ ሌላው ከበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል። አውጥተው ወደ ሰማይ አቅጣጫ ይመልከቱት፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ወይም ብርጭቆው ጠቁሮ ከታየ ነገሩ አለቀ። ሽቦው ደህና ከሆነ ግን ፊውዙንና ሶኬቱን ይፈትሹ። ሶኬቱ ቀልጦ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከተገኘ አዲስ አምፖል ቢገዙም ብዙ አይቆይልዎትም።

ሁለቱም አንድ ላይ ከደከሙ ጥርጣሬዎን ከአምፖሉ ያንሡ። የሃሎጂን አምፖል ብርሃን በቮልቴጅ መጠን በጣም ይለዋወጣል፤ ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩን አስነሥተው፣ መብራቱን አብርተው፣ በቴስተር ሁለት ቦታ ያስለኩ፤ ባትሪው ላይና አምፖሉ ሶኬት ላይ። ባለ 12 ቮልት መኪና ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቢያሳይ ደህና ነው። ሶኬቱ ላይ ከዚህ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ ዝጎ ወይም ላልቶ ነው። ያንን ብሎን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማጥበቅ ዋጋው ከአምፖል ያነሰ ነው፤ ስንቱ አሽከርካሪ ግን ሳያስለካ አምፖል ሲቀያይር ይከርማል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የመብራቱ ፊት ነው። የዛሬ መኪኖች የመብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ በፀሐይ ጨረር ቢጫ ይሆናል፣ ይደበዝዛል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ስለሚበረታ የደጋ መኪና ቶሎ ይመታዋል። የደበዘዘ ሽፋን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ጉም ውስጥ ጉዳቱ እጥፍ ነው። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት (800፣ ቀጥሎ 1500፣ ቀጥሎ 2000) ውሃ እያደረጉ ፈትጎ ፖሊሽ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከጀርባ ያለው መስታወት መሳዩ አንጸባራቂ ልጦ ከሆነ ግን መብራቱን በሙሉ ከመቀየር ሌላ መላ የለም።

ያኔ ያገለገለ የመብራት ሙሉ አካል ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ቢያስመጡ ፊቱ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ይመልከቱ። በአውሮፓ ደንብ በተሠራ መብራት ላይ አንድ ቀስት ብቻ ካለ፣ ያ በግራ በኩል ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ እንዲህ ያለው መብራት ብርሃኑን ከፍ የሚያደርገው ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው። ቀስት የሌለበት ለእኛ ይሆናል፤ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚያመለክት ቀስት ያለበት ደግሞ ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ነው።

አሮጌውን አምፖል ያንብቡ

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ። «የቪትዝ ስጠኝ» ወይም «የኮሮላ አለህ?» ማለት አይበቃም፤ አንዱ ስም በየዓመተ ምርቱና በተሠራበት አገር የተለያየ አምፖል ሊይዝ ይችላል። ነቅለው ይዘውት ይሂዱ። ብረቱ ወገብ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ዓይነቱ፣ ቮልቱና ዋቱ።

ቮልቱን ያስቀድሙ። የቤት መኪናዎችና ሚኒባሶች 12 ናቸው፤ ሲኖትራክና አብዛኞቹ የጭነት መኪኖች 24። ባትሪ ቆጥረው አይፍረዱ፤ ሁለት ባትሪ ተሸክመው በ12 ቮልት የሚሠሩ ላንድክሩዘሮች አሉ። ባለ 12 አምፖል በ24 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ በ12 ላይ ደግሞ እንደ ከሰል ፍም ቀልቶ ይቀራል።

ዓይነቱን በተመለከተ በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያጋጥምዎት ኤች 4 ነው። ሦስት እግር ያለው፣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አጭሩንም ረጅሙንም መብራት የያዘ ነው፤ በ12 ቮልት 60/55 ዋት፣ በ24 ቮልት 75/70 ዋት። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አሮጌ ፈጠራ ነው፤ ቪትዙም፣ ሃይሩፉም፣ ላንድክሩዘሩም በአመዛኙ ይህን ነው የሚለብሱት። አሜሪካ ቀመስ ካርቶን ላይ 9003 ተብሎ ቢጽፉት አይደናገጡ፤ እሱው ነው። ኤች 1፣ ኤች 7 እና ኤች 11 ግን አንድ ሽቦ ብቻ ያላቸው ባለ 55 ዋት ናቸው፤ አጭሩና ረጅሙ በየራሳቸው አምፖል ለሚሠሩ መኪኖች ነው። ኤችቢ 3 እና ኤችቢ 4 (በሌላ ስማቸው 9005 እና 9006) ከጃፓን መኪኖች ላይ አይጠፉም፤ የፊተኛው 60፣ የኋለኛው 51 ዋት ነው።

የጉም መብራት ላይ ጥንቃቄ ይጨምሩ። አሮጌዎቹ ጭራ የመሰለ ሽቦ ያለውን ኤች 3 ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ኤች 11፣ ወይም መልኩ ከእሱ ጋር መንትያ የሚመስለውን ባለ 35 ዋቱን ኤች 8፣ አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ደግሞ 19 ዋት ብቻ የሆነውን ኤች 16 ይዘው ይመጣሉ። ኤች 8 በነበረበት ቦታ ኤች 11ን በግድ ማስገባት የሚቻል ይመስላል፤ ግን 20 ዋት ተጨማሪ ሙቀት ለፕላስቲኩ ከባድ ነው። የሞተር ሳይክሉ ኤች.ኤስ 1 ደግሞ ከኤች 4 ጋር ይመሳሰላል፤ ኃይሉ ግን 35/35 ዋት ነው፤ ባጃጅና ሞተር ያላችሁ ልብ በሉ።

አሮጌው አምፖል ዜኖን ከሆነ (የስሙ መጀመሪያ «ዲ» ይሆናል፤ ዲ2ኤስ፣ ዲ4ኤስ እንደሚባለው) ራስዎ አይንኩት። ሲበራ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይረጫል። ወደ ኤሌክትሪሺያን ይውሰዱት።

ዋት አይጨምሩ

ሱቁ ውስጥ 100/90 ዋት የሚል ኤች 4 ይቀርብልዎታል። ሂሳቡን እንሥራው። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። ሁለት ባለ 100 ዋት ግን ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። ፋብሪካው ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ማብሪያውን የሠራው ለመጀመሪያው ነው። 15 አምፔር የሆነው ፊውዝ ሲበጠስ በሽቦ ጠቅልሎ መሥራት ይከተላል፤ ከዚያ የሶኬት መቅለጥ፣ ከዚያ የመኪና ቃጠሎ። በዚያ ላይ ቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ቮልቱ ስለሚጎድል የከፈሉበትን ብርሃን እንኳ በሙሉ አያገኙትም።

ካርቶናቸው ላይ «በመቶ ይህን ያህል ተጨማሪ ብርሃን» የሚሉ፣ ዋታቸው ግን 60/55 የሆኑ አምፖሎችም አሉ። ከታመነ አምራች ከሆኑ ውሸት አይደሉም፤ ነገር ግን ሽቧቸው ቀጭንና ትኩስ ስለሆነ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ በኮረኮንች ለሚወርድ መኪና አልመክርም፤ ንዝረቱ ይጨርሳቸዋል። እንዲህ ላለው መንገድ ረጅም ዕድሜ ወይም ንዝረት የሚችል ተብሎ የተሠራውን ይፈልጉ፤ ለጭነት መኪናዎች ብለው አምራቾች ለይተው ያወጡታል።

ስለ ቀለም

በአሽከርካሪዎች ዘንድ ቢጫ መብራት ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል የሚል እምነት አለ። ጉም የተሠራባቸው የውሃ ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ የገዘፉ ስለሆኑ ቢጫውንም ነጩንም ሰማያዊውንም በእኩል ይበትናሉ። ስለዚህ ቢጫ የተለየ መሰንጠቂያ የለውም። ያም ሆኖ ቢጫን የሚመርጡትን አልቃወምም፤ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ተመልሶ ሲመጣ ዓይንን ያፈዛል፣ ቢጫው ግን ያሳርፋል። ፈረንሳይ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1993 ድረስ የመኪና የፊት መብራት ሁሉ ቢጫ እንዲሆን በሕግ ስታስገድድ የኖረችው የሚያሳውር ነጸብራቅን ለመቀነስ ብላ ነው።

ከሁሉ የማይረባው ብርጭቆው ሰማያዊ የተቀባ ሃሎጂን ነው። ዜኖን እንዲመስል ይቀባል፤ ቀለሙ ግን ከሚወጣው ብርሃን ከፊሉን ያስቀረዋል። ዝናብ በመታው ጥቁር አስፋልት ላይ ያንን መብራት የያዘ ሰው የመንገዱን ዳር ማየት ይቸግረዋል። ተራው ሃሎጂን 3200 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ሞቅ ያለ ቢጫማ ነጭ። ካርቶኑ ላይ 5000 ወይም 6000 ካዩ ይመልሱት።

ኤልኢዲ ልግዛ ወይ?

መኪናዎ ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዞ ከመጣ ጥያቄ የለም። እኔ የምናገረው ለሃሎጂን በተሠራ መብራት ውስጥ ስለሚሰካው የኤልኢዲ አምፖል ነው። የኤች 4ን ውስጥ ቢያዩ ከአጭሩ መብራት ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የምትቆርጠው እሷ ናት፤ አንጸባራቂውም የተሰላው ሽቦው ላለበት አንዲት ነጥብ ነው። ኤልኢዲው ብርሃን የሚያወጣው ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያ ቁርጥ መስመር ይጠፋል። ባለቤቱ ከመኪናው ፊት ያለውን ድምቀት አይቶ ይደሰታል፤ ጨጨሆ ላይ ከፊት የሚመጣው የአይሱዙ ሹፌር ግን ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አይታየውም። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ለደጋ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ችግር አለው። ኤልኢዲ በጀርባው ባለ ማራገቢያ ነው የሚቀዘቅዘው፤ በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል፣ ርካሹ አምፖል ቶሎ ይደክማል። ሃሎጂን ሙቀቱን ወደ ፊት ስለሚረጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት የመብራቱን ፊት የሸፈነውን አመዳይ ራሱ ያቀልጠዋል፤ ኤልኢዲ ግን ፊቱን ቀዝቃዛ አድርጎ ይተወዋል።

የጉም መብራቱ የት ይሁን

የጉም መብራት ሥራ ሩቅ ማሳየት አይደለም። ከባምፐር በታች ሆኖ፣ ከላይ ቁርጥ ብሎ፣ ወደ ጎን ሰፍቶ የመንገዱን ጠርዝና ነጩን መስመር ያሳያል። ከዓይንዎ በራቀ ቁጥር ጉሙ መልሶ የሚልከው ብርሃን ይቀንስልዎታል። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ የሚታሰረው ረጅም ፓውዛ በጉም ጊዜ ከሁሉ የከፋው፤ ከዓይን አጠገብ ሆኖ ነጭ ግድግዳ ይሠራል። ረጅም መብራትም እንደዚሁ።

ከፋብሪካ ያልነበረውን የጉም መብራት ሊያስገጥሙ ከሆነ ሽቦውን ከፊት መብራቱ ላይ አያስቀጥሉ። የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ ይኑረው፤ ሁለት ባለ 55 ዋት 9 አምፔር ስለሚጠጣ 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ጉሙ ሲገፈፍ ያጥፉት፤ በጠራ ሌሊት እርጥብ አስፋልት ላይ ተንጸባርቆ ሌላውን ይረብሻል።

ሱቅ ውስጥ

ንፋስ መውጫ ላይ ካጡት ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ወልድያ ሲወርዱ ይያዙት። «ባለ 12 ቮልት ኤች 4፣ 60/55 ዋት፣ ቀለም የሌለው» ብለው ይጠይቁ። ፊሊፕስ፣ ኦስራም፣ ኮይቶና ናርቫ የታወቁ ናቸው፤ ስማቸው ግን በካርቶን ላይ በቀላሉ ስለሚታተም አምፖሉን አውጥተው ይዩ። ብረቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የፈረንጅ «ኢ» ፊደልና ቁጥር መኖር አለበት፤ ኢ 1 የጀርመን፣ ኢ 2 የፈረንሳይ፣ ኢ 4 የኔዘርላንድ ማረጋገጫ ነው። ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን ይያዙና ያስተያዩ። ሽቦዎቹ በአንድ ቁመት ላይ ቀጥ ብለው ካልቆሙ፣ ጋሻዋ ከተጣመመች፣ ብርጭቆው ብረቱ ላይ ከተንቀጠቀጠ ይተዉት። ሁልጊዜ ጥንድ ይግዙ፤ አንዱ ካረጀ ጓደኛውም እኩያው ነው።

አገጣጠምና አስተካከል

መብራቱ ጠፍቶ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። አዲሱን ብረቱን ይዘው ያስገቡ፤ ብርጭቆውን በጣት አይንኩ። የጣት ቅባት ሲግል ብርጭቆውን በአንድ ቦታ ያቃጥለውና ያፈነዳዋል። ከነኩት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉት። ከኤች 4 ሦስት ጆሮዎች አንዷ ሰፊ ናት፤ በቦታዋ ሳትቀመጥ የሽቦ መያዣው ቢዘጋባት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። ከጀርባ ያለውን የጎማ ክዳን ደግሞ ጥለው እንዳይሄዱ፤ አቧራና እርጥበት አንጸባራቂውን የሚበላው በዚያ በኩል ገብቶ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከአምፖሉ እኩል አየዋለሁ። የጎማ አየሩን አስተካክለው፣ ብዙ ጊዜ የሚጭኑትን ያህል ጭነው፣ ደልዳላ ቦታና ግድግዳ ይፈልጉ፤ የነዳጅ ማደያ ግቢ ወይም የትምህርት ቤት አጥር ይሆናል። ከግድግዳው 10 ሜትር ይቁሙ። ከመሬት እስከ አምፖሉ መሃል ያለውን ቁመት ይለኩና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። አጭሩን መብራት ሲያበሩ የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ አምፖሉ 70 ላይ ከሆነ ብርሃኑ 60 ላይ ይቆረጥ። የቀኙ ጫፍ ትንሽ ከፍ ቢል ትክክል ነው፤ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ታስቦ ነው። 10 ሜትር ቦታ ካጡ በ5 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያድርጉት። የጉም መብራቱን በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት። ማስተካከያ ብሎኖቹ ከመብራቱ ጀርባ ናቸው።

ኋላው ላይ እህል የጫነ ሚኒባስ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ባዶውን የተስተካከለ መብራትም ያኔ የሰው ዓይን ላይ ይወጣል። ከ0 እስከ 3 የሚል ማውረጃ ዳሽቦርድዎ ላይ ካለ ጭነት ሲበዛ ቁጥሩን ከፍ ያድርጉ።

ዳሽቦርዱ ውስጥ ጥንድ አምፖል፣ ጥቂት ፊውዞችና ንጹሕ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልለው ያኑሩ። መለዋወጫ ሳይዙ መንገድ ላይ የግራው አጭር መብራት ቢቃጠልብዎት ደህናውን ከቀኝ ነቅለው ወደ ግራ ያዛውሩት። ከፊት የሚመጣው ሹፌር የሚተላለፍዎት በግራዎ በኩል ስለሆነ፣ ቀኙ ብቻ ሲበራ ሞተር ሳይክል መስለውት ወደ መሃል ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ ፍጥነትዎን ቀንሰው እስከሚቀጥለው ከተማ ይዝለቁ።